አሸዋ የማይወልድ ድንጋይ

በአዊ ዞን፣ በግምጃ ቤትና በዙሪያዋ ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ አይቸግረውም። ማሳ ሲያርስ፣ መሠረት ሲቆፍር፣ ወንዝ ሲሻገር የሚያገኘው ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀይ አፈርም ሞልቶለታል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ በየጓሮው ቆሟል። ለስሚንቶ ሥራ የሚሆን ጥሩ አሸዋ ግን እንደ ድንጋዩ በየደጁ አይገኝም። ነገሩን ላሰበው ሰው ግራ ያጋባል። አሸዋ የተሰባበረ ድንጋይ ከሆነ፣ ድንጋይ የበዛበት አገር እንዴት አሸዋ ያጥረዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በድንጋዩ ዘር ውስጥ ነው፤ አሸዋ የሚወልድና የማይወልድ ድንጋይ አለ። የአዊ ምድር ያረፈው በማይወልደው ላይ ነው።

መጀመሪያ አሸዋ የምንለው ምን እንደሆነ እንለይ። የሥነ ምድር ሊቃውንት አሸዋን የሚያውቁት በመጠኑ ነው፤ ከምን እንደተሠራ አይጠይቁም። ፍሬው ከ2 ሚሊሜትር የማይበልጥና ከአንድ ሚሊሜትር አሥራ ስድስተኛ እጅ የማያንስ ከሆነ አሸዋ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጠጠር፣ ከዚያ በታች ያለው ደለልና ሸክላ ይባላል። መሐንዲሶች ልኩን ትንሽ ይለጥጡታል፤ ለኮንክሪት የሚሆነው አሸዋ በ4.75 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፍና በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት ላይ የሚቀር ነው። ስለዚህ አሸዋ ከማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል። በደሴቶች ዳርቻ ከዛጎልና ከኮራል ስብርባሪ የተሠራ ነጭ አሸዋ አለ። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሙሉ ሜዳ የሸፈነ የጂፕሰም አሸዋ አለ። በአይስላንድ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ እንደ ከሰል የጠቆረ አሸዋ ተኝቷል። ይህ ሁሉ እያለ በዓለም ላይ አብዛኛው አሸዋ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሌላው ሲበሰብስ እሱ አይበሰብስም።

የአዊ ምድር ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው የተሠራው ከዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ በተነባበረ ባዛልት ነው፤ ሰው በአጭሩ ጥቁር ድንጋይ የሚለው ነው። በእንጅባራና በጣና መካከል ባለው አገር ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው እሳተ ገሞራ በላዩ ደርቦበታል። የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድ የዚያ ዘመን ፍንዳታ የተወው ነው። በየቦታው የሚታዩት፣ ለመንገድ ገረገንቲ የሚቆረጥባቸው ቀይ ኮረብቶችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ባዛልት ኳርትዝ የለውም። ያለው ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ፌልድስፓር የሚባሉ ማዕድናት ናቸው፤ እነዚህ ሙቀት፣ ዝናብና የዕፅዋት ሥር ሲያገኛቸው ወደ ሸክላነት ይለወጣሉ። በውስጣቸው ያለው ብረት ይዝግና አፈሩን ያቀላዋል። አዊ ደግሞ ዝናቡ የበዛ አገር ነው። ድንጋዩ ፍሬ ሆኖ የመቅረት ዕድል ሳያገኝ ልም ቀይ አፈር ሆኖ ያልቃል። ዝናቡ ከአፈሩ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለሚወስድም በባንጃና በአንከሻ ገበሬው ዛሬ ኖራ እየበተነ የሚታገለው የአፈር አሲዳማነት ይመጣል። የአሸዋው እጥረትና የአፈሩ ኮምጣጣነት ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የቤቱ አሠራር ራሱ ይህን ይናገራል። በጎጃም ደጋ ቤት ለዘመናት የተሠራው በእንጨት ማገርና በጭድ በተቦካ ጭቃ ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር ከጭድ ጋር ሲቦካ ይያያዛል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ አሸዋ አያስፈልገውም። የአሸዋ ጥያቄ የመጣው ከስሚንቶ ጋር ነው። ብሎኬት፣ ኮለን፣ ልስን፣ የኮንክሪት ወለል በየወረዳ ከተማው ሲስፋፋ፣ ምድሩ ያልሰጠውን ነገር ከሩቅ በመኪና ማምጣት ግድ ሆነ።

ከግምጃ ቤት ወደ ምዕራብ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ግን ታሪኩ ይለወጣል። ደጋው ወደ መተከል ቆላ ሲወርድ የባዛልቱ ልብስ እየሳሳ ይሄድና ከሥሩ እጅግ ያረጀው ምድር ይገለጣል፤ ግራናይት፣ ናይስና መሰሎቻቸው፣ ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ። እነዚህ ኳርትዝ አላቸው። ሲበሰብሱ ሸክላው በውሃ ይወሰድና ኳርትዙ ፍሬ ፍሬ ሆኖ በወንዙ ሆድ ይቀራል። ይህ አሸዋ ሌላም ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወርቅ። ወርቅ ከባድ ስለሆነ ውሃው በሚዘገይበት ማጠፊያ ከአሸዋው ሥር ይተኛል፤ የቤኒሻንጉል ሰዎች በገበቴ እያጠቡ የሚለዩት እሱን ነው።

ይህ የወርቅ አሸዋ በታሪክ የታወቀ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአዱሊስን ወደብ ያየው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ወደ ሳሱ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ የአገሩ ሰዎች በምትኩ አተር የሚያህል የወርቅ ፍሬ ያስቀምጡላቸዋል፤ ሁለቱ ወገኖች ቋንቋ ሳይለዋወጡ ይገበያያሉ። የሳሱን ትክክለኛ ቦታ ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ ብዙዎቹ ግን ዓይናቸውን የሚጥሉት ወደዚሁ ወደ ምዕራቡ ቆላ ነው። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1820 እና በ1821 ወደ ሱዳን ሲዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ የፋዙግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር። ዛሬ አሸዋ ርካሽ ዕቃ ቢመስልም፣ በዚህ አቅጣጫ ያለው አሸዋ መንግሥታትን ያንቀሳቀሰ አሸዋ ነው።

ሁለተኛው የአሸዋ ጎተራ ያለው ከእግራችን በታች ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የተጓዘ ሰው በአንድ ቁልቁለት የምድርን ታሪክ ገልጦ ያልፋል። ከላይ ባዛልቱ አለ፤ ከእሱ በታች አሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከሸለቆው ግርጌ ደግሞ እንደገና አሸዋ ድንጋይ። የታችኛው አሸዋ ድንጋይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በትግራይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ወንዞች አምጥተው የዘረጉት አሸዋ ተጭኖና ተጣብቆ ድንጋይ ሆነ። አቡነ የማታ ጉሕን የመሰሉ የገረዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በአሸዋ ድንጋይ ነው። የላሊበላዎቹ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው ጠራቢዎቹ ድንጋያቸውን ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ይረዳል።

ከዚሁ ከአሸዋ ድንጋይ ዘመዶች መካከል የሙገር ሸለቆው ንጹሕ ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት ነገር፣ ያለበት ነው። ብርጭቆ የሚሠራው ከእንደዚህ ዓይነት ነጭ አሸዋ ነው። ንጹሕ ሲሊካ ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይጠይቃል፤ ሶዳ ሲጨመርበት ግን በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ሶዳ አሽ ደግሞ በአብያታ ሐይቅ አለ። ስለዚህ ለጠርሙስ የሚያስፈልጉት አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ ሦስቱም በአገራችን ምድር አሉ ማለት ነው። ኮምፒውተርና ስልክ የሚሠሩበት ሲሊከንም የሚወጣው ከኳርትዝ ነው፤ እጅግ የጠራ መሆን ስላለበት ግን ማንኛውም አሸዋ አይበቃውም።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ግዕዝ አሸዋን ኆጻ ይለዋል፤ ትግርኛም ሑጻ ብሎ ይዞታል፤ ኦሮምኛ ጪራቻ ይለዋል። የእንግሊዝኛው ሳንድ ከጥንታዊው የጀርመን ቤተሰብ የወረደ ነው፤ ጀርመንኛውም ሆላንድኛውም ዛሬ ድረስ አንድ ስም ይጠራሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ከግሪኩ ፕሳሞስና ከላቲኑ ሳቡሉም ጋር አዛምደው መፍጨት፣ ማሸት የሚል ፍቺ ካለው ሥር ያወርዱታል። ላቲን ሌላም ስም ነበረው፤ አሬና። ሮማውያን የግላዲያተሮቹ ደም እንዲመጠጥ በትግል ሜዳቸው ላይ አሸዋ ይነሰንሱ ስለነበር ሜዳው ራሱ አሬና ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስ አሸዋን በሁለት መልክ ያመጣዋል። በኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃም ዘር ብዛት ምሳሌ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ሰነፍ ሰው ቤቱን የሠራበት፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚከዳ መሠረት። በቁርኣንም አል አሕቃፍ የሚባለው ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ከአሸዋ ክምሮች ነው። የአገራችን የቦታ ስሞችም ይዘውታል፤ ድሬዳዋ ውስጥ አሸዋ የሚባል የታወቀ የገበያ ሰፈር አለ፣ በቡራዩ በኩልም አሸዋ ሜዳ አለ።

ድሬዳዋን ካነሣን ደቻቱን ማለፍ አይቻልም። ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ከብት ያሳርፍበታል። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ሌሊት ከሐረርጌ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎች ገደለ። በወንዝ ሆድ አሸዋ የተኛበት ቦታ ሁሉ አንድ ቀን ኃይለኛ ውሃ የነበረበት ቦታ ነው፤ ያ ውሃ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል የሚመሰክረው አሸዋው ራሱ ነው። በአንጻሩ በቦረናና በምሥራቁ ቆላ አሸዋማ የወንዝ ሆድ የሕይወት መሠረት ነው። ውሃው ከላይ ቢደርቅም በፍሬዎቹ መካከል ተሸሽጎ ይቆያል፤ ሰው ቆፍሮ ይጠጣል። በወንዙ ውስጥ ዝቅተኛ ግድብ ሠርቶ አሸዋ እንዲሞላ በማድረግም ውሃው ከፀሐይ ተጠብቆ እንዲከማች ይደረጋል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ በረሃማ ወረዳዎቻችን ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

የግንባታውን ገበያ በተመለከተ አዲስ አበባ ያደገችው በስምጥ ሸለቆ አሸዋ ነው። የመተሐራ፣ የቆቃ፣ የመቂ፣ የላንጋኖ አሸዋ እያለ ግንበኛው በአገሩ ስም ይጠራዋል፤ ባሕርዩንም ያውቃል። የስምጥ ሸለቆው አሸዋ ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ይቀላቀልበታል፤ ፑሚስ ውሃ ይመጥጣል፣ ጥንካሬውም አነስተኛ ነው። በአማራ ክልል ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ አሸዋቸውን በፎገራ ሜዳ ያራግፋሉ፤ ከዚያ በአካፋ እየተዛቀ ለከተሞች ይጫናል። ብዙ ሰው ይተዳደርበታል። ወንዙ ግን ዋጋውን ይከፍላል፤ አሸዋው ሲነሣ ሆዱ ይጎደጉዳል፣ ገደሉ ይናዳል፣ የድልድይ እግር ይራቆታል፣ የሩዝ ማሳውም በየክረምቱ ይቆረሳል። ርብ ላይ ግድብ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ከላይ ይመጣ የነበረው አሸዋ በግድቡ ይያዛል። ከታች የሚዛቀው ምትክ የለውም ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ ከማንኛውም የዋጋ ጉዳይ በፊት የሚቀድም ነው፤ አሸዋ የሚነሣበትን ወንዝ ሁሉ በየዓመቱ ምን ያህል አመጣ፣ ምን ያህል ተወሰደ ብሎ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ለገዢው የሚጠቅም ነገር ልጨምር፤ ስሚንቶው ውድ በሆነበት ጊዜ በአሸዋ መታለል ቤት ያፈርሳል። አሸዋ በአገራችን የሚሸጠው በመኪና፣ በቢያጆ ነው፤ ሚዛን አይወጣም። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ያብጣል። በፍሬዎቹ ዙሪያ ያለው ስስ ውሃ እርስ በርሳቸው ስለሚያራርቃቸው፣ ደቃቅ አሸዋ ከክብደቱ አምስት በመቶ ገደማ ውሃ ሲይዝ ይዘቱ በሩብና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ሙሉ የመሰለው መኪና አንድ አምስተኛውና ከዚያም በላይ አየር ሊሆን ይችላል። ሳይት ላይ በሳጥን ሲለካም ያው ነው፤ ዝናብ የመታው አሸዋ በደረቁ ልክ ከተሰፈረ ድብልቁ አሸዋ ያንሰዋል።

ሁለተኛው ነገር ጭቃው ነው። ከአሸዋው ጋር የሚመጣ ሸክላና ደለል ፍሬውን ስለሚሸፍነው ስሚንቶው አይይዝም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ኮንክሪቱ ይደክማል። የኢትዮጵያ ደረጃ የደለሉ መጠን ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ መሄድ የግድ አይደለም። ቀጥ ያለ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ ውስጥ አሸዋውን እስከ ግማሽ አድርጎ፣ ጥቂት ጨው የገባበት ውሃ ሞልቶ፣ ደኅና አድርጎ በጥብጦ ለጥቂት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላዩ ለየብቻ ይተኛሉ፤ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው አንጻር ወፍራም ከሆነ አሸዋው አይሆንም። በመዳፍ አሽቶ ማየትም ይረዳል፤ ንጹሕ አሸዋ እጅ አያቆሽሽም። ባዛልት ከሞላበት አገር የሚመጣ የወንዝ አሸዋ፣ በላይ የተናገርሁት የሸክላ ጠባይ ስላለው፣ ይህን ፈተና ሳያልፍ ኮንክሪት ውስጥ መግባት የለበትም።

አሸዋ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው። በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለግንባታ ማዕድናት ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው፤ በየወረዳውም ሥራ አጥ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የአሸዋ ቦታ ይሰጣቸዋል። መልካም ነው። ነገር ግን አሸዋ ሲቆፈር ከሥሩ እየተፋቀ ጥላ ይሠራል፤ ያ ጥላ ይናዳል፤ ሰው ይቀብራል። ገደሉን ከላይ ወደ ታች በደረጃ መቁረጥ፣ ከሥሩ አለመግባት ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ይህን ሳያስተምር ቦታ ባይሰጥ ደስ ይለኛል።

ዓለምም ከዚህ ጭንቀት ውጭ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ የሰው ልጅ በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ገደማ አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል፤ ከውሃ ቀጥሎ ይህን ያህል የሚወሰድ ሀብት የለም። በረሃ ያላቸው አገሮችም አልዳኑም፤ የበረሃ አሸዋ በነፋስ እርስ በርሱ ሲፋተግ ስለኖረ ክብና ልሙጥ፣ ደቃቅም ሆኗል፣ በኮንክሪት ውስጥ በደንብ አይያያዝም። ሲንጋፖር ባሕሯን በአሸዋ እየሞላች መሬቷን አሰፋች፤ ጎረቤቷ ኢንዶኔዥያ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የባሕር አሸዋ፣ በ2007 ደግሞ የየብስ አሸዋ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከጎጃም ደጋ የሚታጠበው አፈር የት ይሄዳል? የአንከሻ ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ዓባይ ወደ ሱዳን ድንበር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ያደርስ እንደነበር ይገመታል፤ አብዛኛው ሸክላና ልም አፈር፣ ትንሹ እጅ አሸዋ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዜሪስ ግድብ በደለል የተነሣ ብዙ የመያዣ አቅሙን አጥቶ በ2013 ቁመቱ እንዲጨምር ተደርጓል። አሁን ይህን ሸክም የሚቀበለው ጉባ ላይ ያለው የህዳሴ ግድባችን ነው። ወንዝ ወደ ሐይቅ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን፣ አሸዋውን ነው። ስለዚህ በሐይቁ ራስጌ የአሸዋ ምላስ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ልሙ አፈር ወደ ግድቡ ይቀርባል። የአዊ ገበሬ የሚሠራው እርከን፣ የሚተክለው ዛፍ ለራሱ ማሳ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ግድብ ዕድሜም ነው።

ለግምጃ ቤትና ለእንጅባራ ግንበኛ የቀረበው መፍትሔ በእጁ ያለውን ጥቁር ድንጋይ መፍጨት ነው። ባዛልት ዝናብና ዘመን ሲያገኙት ሸክላ ይሆናል እንጂ፣ ክሬሸር ውስጥ ሲገባ ጠንካራ፣ ፍሬው ስል የሆነ አሸዋ ይወጣዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከፍሬው ጋር ብዙ ዱቄት ይወጣል፤ መነፋት ወይም መታጠብ አለበት። ሁለተኛ፣ ፍሬው ማዕዘናም ስለሆነ ድብልቁ ለሥራ ይከብዳል፣ ለማላላት ተብሎ ውሃ ሲጨመር ኮንክሪቱ ይደክማል። ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይህን ያቃልለዋል፤ ድንጋዩን በኃይል እርስ በርሱ እያጋጨ የሚፈጭ ማሽንም ማዕዘኑን ያለዝበዋል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከየወረዳው ክሬሸር ናሙና ወስዶ የትኛው ድንጋይ፣ በምን ልክ ተቀላቅሎ፣ ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚሰጥ ቢመዘግብና ሰንጠረዡን በአማርኛና በአዊኛ ለግንበኞች ቢያድል፣ ከሩቅ በሚመጣ አሸዋ ላይ የሚወጣው የነዳጅ ገንዘብ በዞኑ ውስጥ ይቀራል፤ ወንዞቹም ፋታ ያገኛሉ።